ኤድዋርድ ሩፔልና የደጋችን እስስት

በደብረ ታቦር ደጋም ሆነ በሐሙሲት ዙሪያ እስስትን የማያውቅ ልጅ የለም። ሆኖም ብዙ ሰው መርዘኛ ናት ብሎ ስለሚፈራት ባገኛት ጊዜ በድንጋይ ይወግራታል። እርስዋ ግን መርዝ የላትም። ይህችን የደጋ እስስት መጀመሪያ ለሳይንስ ሊቃውንት ያስታወቀው ሰው ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል።

ሩፔል በፈረንጆች አቈጣጠር በ1794 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። አስቀድሞ ለንግድ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በ1817 ግብፅን ካየ በኋላ ልቡ ወደ ፍጥረት ምርመራ አዘነበለ። በኢጣልያ አገር ትምህርቱን ተከታትሎ በ1820ዎቹ ዓመታት ኑብያንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ መረመረ። በ1831ም ከወጣቱ ረዳቱ ከቴዎዶር ኤርከል ጋር ምጽዋ ደረሰ። ወጪውን የሚከፍለው ከራሱ ሀብት ነበር።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። ትግሬና ሰሜን በደጃዝማች ውቤ፣ ቤጌምድር በራስ ዓሊ እጅ ነበሩ፤ መንገደኛም ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው በሰላም መሻገሩ እርግጠኛ አልነበረም። ሩፔል ግን የሰሜንን ተራሮች ወጥቶ በጎንደር ሰነበተ። ከዚያም በጣና ምሥራቃዊ ዳር ወርዶ እስከ ዓባይ ተጓዘ፤ ይህም መንገድ ዛሬ ሐሙሲት ካለችበት አገር አይርቅም። ዋልያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን በሳይንስ መዝገብ ያስገባቸው እርሱ ነው።

የእስስቲቱን መግለጫ ያወጣው በ1845 ነው። አፊኒስ ብሎ ሰየማት፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ ዘመድ ማለት ነው። ኋላ የመጡ ሊቃውንት ሦስት ቀንድ ያላቸው ተብለው ከሚጠሩት ወገን ደመሩዋት፤ የሚያስገርመው ግን እርስዋ አንድም ቀንድ የላትም!

በሩፔል ዘመን ሊቃውንት ይበልጥ የሚመለከቱት ቆዳን፣ ቀለምንና መልክን ነበር። የዳርዊን መጽሐፍ የወጣው በ1859 ነው። ዛሬ ግን የራስ ቅልም ብዙ ነገር ይናገራል። ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ የነበሩ የእንሽላሊት ዘመዶች ከዓይናቸው በስተኋላ በየጎኑ ሁለት ቀዳዳ ነበራቸው፤ የመንጋጋ ጡንቻዎችም ከዚያ ይያያዙ ነበር። በእንሽላሊቶች ወገን የታችኛው የአጥንት ድልድይ ጠፋ። በእባቦች ዘንድ ደግሞ ሁለቱም ጠፍተው አፋቸው እጅግ የሚከፈት ሆነ፤ ከራሳቸው የሚበልጠውን ሳይቀር ይውጣሉ።

እስስት ሌላ መንገድ ያዘች። የራስ ቅልዋ አጭርና ከፍ ያለ ነው። ከኋላው እንደ ራስ ቁር የተነሣው አጥንት መንጋጋን ለሚዘጋው ጡንቻ ማያያዣ ሆኖ ያገለግላል። ምላስዋን ወርውራ ዝንቡን ወይም አንበጣውን ትስባለች፤ ከዚያም በመንጋጋዋ ታደቅቀዋለች። ጥርሶችዋ ከመንጋጋው አጥንት ጋር የተዋሐዱ ስለ ሆኑ ቢያልቁ አይተኩም።

በጣና ዳር ያለው አርጃኖ ደግሞ አፈ ረዥም ነው፤ ዓሣ፣ እንቍላል፣ ቀንድ አውጣ ያገኘውን ይበላል። በልጅነቱ ስለታም የነበረው ጥርሱ ሲያድግ ይደነዝዛል፤ ይህም ጠንካራውን ቅርፊት ለመስበር ይረዳዋል።

ሩፔል ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1839 የለንደን የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። የሰበሰበውን ሁሉ በፍራንክፈርት ለሚገኘው ለዜንከንበርግ ሙዚየም ያለ ዋጋ ሰጠ። በኋለኛው ዕድሜው ግን እንስሳትን ትቶ የጥንት ሳንቲሞችን ወደ መመርመር አዘነበለ፤ ለእኛ ይህ ያሳዝናል። በ1884 በተወለደበት ከተማ በ90 ዓመቱ ዐረፈ።