ቫለሪ ብሩሜል፦ ከ2 ሜትር ከ28 ሳንቲ ሜትር በኋላ

በከፍታ ዝላይ ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ አትሌቶች መካከል አንዱ የሶቪየት ኅብረቱ ቫለሪ ብሩሜል ነው። ከሰኔ 1961 እስከ ሐምሌ 1963 ባለው ጊዜ ውስጥ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዓለምን ክብረ ወሰን ስድስት ጊዜ አሻሽሏል። ከዚያ በኋላ የደረሰበት መከራና መከራውን የተወጣበት መንገድ ደግሞ ከስፖርቱ ዓለም አልፎ በሕክምናው ታሪክም ውስጥ ስሙን አስመዝግቦታል።

ብሩሜል ሚያዝያ 14 ቀን 1942 በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ በአሙር ግዛት ተወለደ። ያደገው ግን በዩክሬን ሉሃንስክ ከተማ ነው፤ ዝላይንም የጀመረው በዚያው ነው። በኋላም በቭላድሚር ዲያችኮቭ አሠልጣኝነት ሥር ገባ። ዲያችኮቭ ዝላይን እንደ ሳይንስ የሚያጠኑ ሰው ስለነበሩ፣ ወጣቱ ከዝላይ ልምምድ ጎን ለጎን ከባድ ክብደት እንዲያነሣና የአጭር ርቀት ሩጫ እንዲለማመድ አደረጉ። የብሩሜል ቁመት 1 ሜትር ከ85 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ለከፍታ ዘላይ ረጅም የሚባል አይደለም። ልዩነቱን የፈጠሩለት የመንደርደሪያ ፍጥነቱና የእግሩ ጉልበት ናቸው።

የዛሬ ዘላዮች ዘንጉን የሚያልፉት በጀርባቸው ነው። በብሩሜል ዘመን ግን ዘላዩ ሆዱን ወደ ዘንጉ አዙሮ፣ በላዩ ላይ ተንከባልሎ ያልፍ ነበር። ከዘንጉ ማዶ በብዙ ሜዳዎች ይጠብቀው የነበረውም አሸዋ ወይም ሰጋቱራ እንጂ የዛሬው ወፍራም ፍራሽ አልነበረም።

በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ሲካሄድ ብሩሜል ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ሁሉም ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው የ2.22 ሜትር ባለክብረ ወሰን የነበረውን አሜሪካዊ ጆን ቶማስን ነበር። ይሁን እንጂ ወርቁን የሶቪየቱ ሮበርት ሻቭላካድዜ ወሰደ፤ ብሩሜልም እንደ እርሱ 2.16 ሜትር ዘልሎ፣ በከሸፉ ሙከራዎች ብዛት ብቻ ተበልጦ ብር አገኘ። ቶማስ የነሐስ ሜዳሊያ ደረሰው። በቀጣዩ ክረምት ኒው ዮርክ ላይ ሁለቱ ዳግም ሲገናኙ ብሩሜል አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ክብረ ወሰኖቹ ተከታተሉ። በ1961 በሞስኮ 2.23 ሜትር፣ እንደገና በሞስኮ 2.24፣ ከዚያም በሶፊያ 2.25 ሜትር ዘለለ። በሐምሌ 1962 ሁለቱ ኃያላን አገሮች በካሊፎርኒያ ስታንፎርድ ስታዲየም ሲወዳደሩ፣ ወደ 80,000 የሚጠጋ አሜሪካዊ ተመልካች በተገኘበት 2.26 ሜትር አለፈ፤ ሕዝቡም የተፎካካሪ አገር ልጅ መሆኑን ሳያይ በጭብጨባ አከበረው። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ክብረ ወሰኑን ወደ 2.27 ከፍ አደረገው። ሐምሌ 21 ቀን 1963 ሞስኮ ላይ በተደረገው የሁለቱ አገሮች ውድድር ደግሞ 2.28 ሜትር ዘለለ። በዕለቱ የሶቪየት መሪ ኒኪታ ክሩሽቼቭና የኑክሌር ሙከራን ለመገደብ ለሚደረገው ድርድር ሞስኮ የነበሩት አሜሪካዊው አቬሬል ሃሪማን በስታዲየሙ ተገኝተው ነበር። ዘንጉ ከብሩሜል አናት በ43 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነበር።

በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ብሩሜልና ቶማስ እኩል 2.18 ሜትር ዘለሉ። በዚህ ጊዜ የሙከራ ቆጠራው ለብሩሜል አደላና ወርቁ የእርሱ ሆነ። ዕለቱ ጥቅምት 21 ቀን 1964 ነበር፤ ጀግናው አትሌት አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈውም በዚያው ቀን፣ በዚያው ስታዲየም ነው። ሁለቱም ባለድሎች በኋላ በመንገድ አደጋ ከሜዳ ተለይተዋል። የአበበ አደጋ በ1969 ደረሰ፤ የብሩሜል ግን ከቶኪዮ በኋላ ዓመት እንኳ አልሞላም።

ጥቅምት 5 ቀን 1965 ማታ ብሩሜል በሞስኮ ከሞተር ሳይክል ነጂ ኋላ ተቀምጦ ሲጓዝ ሞተር ሳይክሉ ተገለበጠ። ቀኝ እግሩ ክፉኛ ተሰባበረ። ሐኪሞች እግሩን ከመቆረጥ አዳኑት፤ አጥንቱ ግን አልገጥም አለ፣ አመረቀዘ፣ እግሩም አጠረ። ሦስት ዓመት ገደማ በሆስፒታልና በክራንች አለፈ፤ የተደረገለት ቀዶ ሕክምና ከሃያ በላይ ነበር። በ23 ዓመቱ ሥራው ያበቃለት መሰለ። የቀድሞ ተፎካካሪው ጆን ቶማስ በዚያ የመከራ ወቅት በወዳጅነት አልተለየውም።

በ1968 ብሩሜል በምዕራብ ሳይቤሪያ ወደምትገኘው የኩርጋን ከተማ ሄደ። በዚያ ዶክተር ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የተባሉ ሐኪም የተሰበረን አጥንት በቀለበት መሰል ብረቶችና በቀጫጭን ሽቦዎች ከውጭ አጥብቀው ይይዙ፣ ያጠረውንም በጥቂት በጥቂቱ ያስረዝሙ ነበር። ዘዴውን ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቢሠሩበትም፣ በዋና ከተማው ያሉ ብዙ የሙያው ሊቃውንት በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። የብሩሜል አጥንት ግን በዚሁ ዘዴ ገጠመ፤ እግሩም ርዝመቱን መልሶ አገኘ። የስመ ጥሩው አትሌት መዳን በመላው አገሪቱ ሲሰማ የኩርጋኑ ሐኪም ስምም አብሮ ገነነ። በ1980 ጣሊያናዊው አሳሽ ካርሎ ማውሪ በዚያው ከታከሙ በኋላ ደግሞ ዘዴው ወደ ምዕራብ አውሮፓ ተሻገረ።

ብሩሜል ወደ ዝላይ ሜዳ ተመልሶ ከ2 ሜትር በላይ መዝለል ቻለ። ለኦሊምፒክ የሚያበቃ ከፍታ አልነበረም፤ በክራንች ለቆየ እግር ግን ብዙ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ በ1968 በሜክሲኮ ዲክ ፎስበሪ በጀርባው ዘልሎ ስፖርቱን ቢለውጠውም እንኳ፣ የ2.28 ሜትሩ ክብረ ወሰን ከመዝገብ አልወረደም። ያሻሻለው አሜሪካዊው ፓት ማትዝዶርፍ ነው፤ በ1971፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር።

ብሩሜል ከውድድር ከወጣ በኋላ ወደ ሥነ ጽሑፍ አዘነበለ፤ ልቦለድና ተውኔትም ጻፈ። ጥር 26 ቀን 2003 በ60 ዓመቱ ሞስኮ ላይ ዐረፈ።