ርችት ሲተኮስ ያመለጠው ጸሐፌ ተውኔት

መስከረም 22 ቀን 1782፣ ምሽት ነው። ደቡብ ጀርመን ውስጥ ሽቱትጋርት አካባቢ ሰማዩ በርችት ደምቋል። የአገሩ መስፍን ትልቅ እንግዳ አለበት፤ የሩሲያው አልጋ ወራሽ ጳውሎስ ከነባለቤቱ መጥቷል። ሕዝቡ አንጋጦ ርችት ያያል። በዚያው ሰዓት አንዲት የፈረስ ጋሪ ሁለት ወጣቶችን ይዛ ከከተማዋ በር ቀስ ብላ ወጣች። ዘበኛው ስማቸውን ሲጠይቅ የሰጡት ስም የውሸት ነበር።

ከሁለቱ አንዱ የ22 ዓመት ወጣት፣ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነው። ከሠራዊቱ እየጠፋ ነው፤ ከተያዘ አለቀለት። ምን አጥፍቶ ነው ካላችሁ፣ ቴአትር ጽፎ!

ይሄ ልጅ ፍሬድሪክ ሺለር ይባላል። ዛሬ ጀርመኖች ከጎተ ጎን የሚያቆሙት ታላቅ ደራሲ ነው። የአውሮፓ ኅብረት መዝሙር ሲዘፈን የሰማችሁትን ዜማ ቤትሆቨን የሠራው በሺለር ግጥም ላይ ነው። ግን እዚያ ለመድረስ ስንት መከራ እንዳየ፣ ደግሞም አንዲት ትንሽ ከተማ እንዴት መድረክ እንደሰጠችው ብዙ ሰው አያውቅም። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። (ቀኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

▪ መስፍኑ የነጠቀው ልጅነት

ሺለር ኅዳር 10 ቀን 1759 ማርባኽ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በመስፍን ካርል ኦይገን ሠራዊት ውስጥ የሚያገለግል ወታደር ነበር። ልጁ የተመኘው ቄስ መሆን ነው። መስፍኑ ግን ጎበዝ ተማሪዎችን እየመረጠ ራሱ ባቋቋመው ወታደራዊ ትምህርት ቤት ያስገባ ነበርና ሺለርም በ13 ዓመቱ ገባ። እናትና አባቱ ልጃቸው ዕድሜ ልኩን መስፍኑን እንደሚያገለግል ፈርመው ሰጡ።

እዚያ ቤት ሁሉም ነገር በትእዛዝ ነው። መተኛት በትእዛዝ፣ መብላት በትእዛዝ። ሺለር መጀመሪያ ሕግ፣ ኋላ ደግሞ ሕክምና እንዲማር ተደረገ። እሱ ግን ተደብቆ ሥነ ጽሑፍ ያነብባል። እንደሚተረከው፣ ሌሊት መብራት የሚፈቀደው ለበሽተኞች ብቻ ስለነበር አመመኝ እያለ በሽተኞች ክፍል ይተኛና ይጽፍ ነበር።

እንዲህ እየሰረቀ የጻፈው ተውኔት «ወንበዴዎቹ» ይባላል። ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው። አንደኛው በተንኮል ሌላውን ከአባታቸው ያጣላዋል፤ የተከዳው ልጅ ጫካ ገብቶ የወንበዴዎች አለቃ ይሆናል። በ1781 ሺለር ገንዘብ ተበድሮ በራሱ ወጪ አሳተመው። ስሙን ግን አልጻፈበትም።

▪ ማንሃይም፣ ጥር 1782

ተውኔቱን ለማሳየት የደፈረው በጎረቤት ግዛት ያለው የማንሃይም ቴአትር ቤት ነው። ጥር 13 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ሺለር ፈቃድ ሳይጠይቅ ድንበር ተሻግሮ ከሕዝቡ መሀል ተቀመጠ። በቦታው የነበረ ሰው እንደተረከው አዳራሹ ዕብድ ሆነ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች እያለቀሱ ተቃቀፉ፣ ራሳቸውን ሊስቱ የደረሱ ሴቶችም ነበሩ። አስቡት፣ ያን ሁሉ ያስነሳው ልጅ ማንም ሳያውቀው እዚያው ቁጭ ብሏል!

ከወራት በኋላ ደግሞ ሄደ። አሁን ግን ወሬው መስፍኑ ጆሮ ገባ። ቅጣቱ 14 ቀን እስራት ሆነ። ከዚያም የባሰው መጣ፤ ከሕክምና ውጪ ምንም ነገር እንዳይጽፍ ተከለከለ።

ይሄ ተራ ማስፈራሪያ አልነበረም። ያው መስፍን ሹባርት የሚባል ገጣሚን በብዕሩ ምክንያት ያለ ፍርድ አስሮት ነበር። ሺለር በዚያ ሰዓት ሹባርት እስር ቤት 5 ዓመት አልፎታል፤ የሚወጣውም ገና ከ5 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ሺለር ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ዝም ማለት ወይ መጥፋት።

ጠፋ። ጋሪው ላይ አብሮት የነበረው ጓደኛው ሽትራይኸር ሙዚቀኛ ነው። ሐምቡርግ ሄዶ ሙዚቃ ሊማርበት የነበረውን ገንዘብ ለሺለር ማምለጫ አዋለው። እንዲህ ዓይነት ጓደኛ ይስጣችሁ ነው እንግዲህ!

▪ የሞተ መስሏቸው አለቀሱለት

ነፃነቱ ግን ዳቦ አልሆነለትም። በሐሰት ስም ተደበቀ፣ ማንሃይም ተመልሶ ለአንድ ዓመት የቴአትር ቤት ደራሲ ሆነ፣ ውሉ ሳይታደስ ቀረ፣ ዕዳ በዕዳ ሆነ። ካዳኑት ሰዎች መካከል ፊታቸውን ሳያያቸው በደብዳቤ የወዳጁ አንባቢዎች ይገኙበታል። በ1785 ወደ ላይፕሲግ ጠርተው አስጠጉት። ቤትሆቨን ኋላ ዜማ የሠራበትን ግጥም የጻፈውም በዚያ የወዳጅነት ዓመት ነው።

በ1789 በዬና ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ሆነ። የመጀመሪያ ቀን ሊያስተምር ሲመጣ ክፍሉ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆመ። ሰፊ አዳራሽ ሲገኝ ተማሪው ቦታ ለመያዝ በከተማዋ መንገድ ሩጫውን ለቀቀው። ደመወዝ ግን የለም።

በ1790 ሻርሎተን አገባ። በዓመቱ ሳንባው ክፉኛ ታመመ፤ ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጤና አላገኘም። ዴንማርክ ያሉ አድናቂዎቹም ሞተ የሚል ወሬ ደረሳቸው። ሥራዎቹን ሊያከብሩ ተሰብስበው የነበሩት ሰዎች ድግሱን ወደ ሐዘን ለወጡት። በሕይወት እንዳለ ሲሰሙ ደግሞ ከመካከላቸው ሁለት ባለሥልጣናት በዓመት 1000 ታለር ለ3 ዓመት ሊሰጡት ወሰኑ። የተለቀሰለት ሰው በዚያ ገንዘብ ኖረ።

▪ ጥቅምት 12 ቀን 1798

አሁን ወደ ትንሿ ከተማ እንምጣ። ዋይማር ትባላለች። በዚያን ጊዜ ነዋሪዋ 10 ሺህ አይሞላም። ብዙ ሀብትም ሆነ ትልቅ ሠራዊት የላትም። ገዢዎቿ ግን ደራሲ መሰብሰብ ይወዱ ነበር። ጎተ እዚያ ነበር፤ ከ1791 ጀምሮ ቴአትር ቤቱን የሚመራውም እሱ ነው።

ጎተና ሺለር መጀመሪያ ላይ ብዙም አይቀራረቡም ነበር። በ1794 ዬና ውስጥ ከአንድ የሳይንስ ስብሰባ ሲወጡ ጨዋታ ጀመሩ፤ ክርክሩ ሺለር ቤት ድረስ ዘለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ሞት እስኪለያቸው ተደጋግፈው ሠሩ።

በ1798 የዋይማር ቴአትር ቤት ውስጡ ታደሰ። ጥቅምት 12 ቀን ሲከፈት የታየው የሺለር አዲስ ሥራ «የቫለንሽታይን ሰፈር» ነው። ስለ አንድ የጦር አዛዥ ከሚተርኩ 3 ተከታታይ ተውኔቶች የመጀመሪያው ነው። የሚገርመው ነገር አዛዡ ራሱ በዚህ ክፍል ውስጥ አይታይም። መድረኩ ላይ ያሉት ተራ ወታደሮች ናቸው፤ ስለ አለቃቸው ያወራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይዘፍናሉ። ሺለር በወታደር ሕግ ያደገ ሰው ነው፤ ያንን ኑሮ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ሌላው ፈተና ተውኔቱ በግጥም መጻፉ ነው። ተዋንያኑ እንደ ተራ ወሬ መናገር ለምደዋል፤ ግጥሙን ሳይሰብሩ እንዲናገሩ ማለማመድ ነበረባቸው። ሁለቱ ቀሪ ክፍሎችም በሚቀጥለው ዓመት ጥርና ሚያዝያ ላይ ታዩ። በ16 ዓመት ውስጥ ነገር ተገለበጠ። ያኔ መስከረም ላይ ቴአትር በመጻፉ ከአገር የጠፋ ልጅ፣ አሁን ጥቅምት ላይ ቴአትር ቤት የሚመረቀው በእሱ ድርሰት ሆነ።

▪ ከጊዜ ጋር እሽቅድድም

በ1799 መጨረሻ ሺለር ቤተሰቡን ይዞ ዋይማር ገባ። ሰውነቱ እየደከመ መሆኑን ሐኪም ነውና ያውቃል። ሌሊት ይሠራል፣ ቡና ይጠጣል። ጎተ አንድ ቀን ቤቱ ሄዶ የጻፈበት ጠረጴዛ ጋ ቢቀመጥ ሽታው አዞረው፤ መሳቢያው ውስጥ የበሰበሰ ፖም ሞልቷል። ሽታው ለሥራ ያነቃቃው እንደነበር ሚስቱ ነገረችው።

እንዲህ እየሆነ ተውኔት በተውኔት ላይ ጻፈ። «ማርያ ስቱዋርት» በ1800 ታየች። መስከረም 1801 ላይፕሲግ ላይ ስለ ዣን ዳርክ የጻፈውን ሊያይ ሄዶ ሲወጣ፣ ሕዝቡ ኮፍያውን አውልቆ መንገድ ከፈተለት፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ከፍ አድርገው አሳዩዋቸው። በ1804 ደግሞ የስዊዘርላንዱን ጀግና «ቪልሄልም ቴል» አወጣ። ስዊዘርላንድን በዓይኑ አይቷት አያውቅም!

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ዋይማር አዲስ ሙሽራ ተቀበለች፤ ማርያ ፓቭሎቭና፣ የዋይማር አልጋ ወራሽ ሚስት። ለአቀባበሏ ሺለር በ4 ቀን አጭር ተውኔት ጻፈ። ሙሽራዋ ማን ናት? ሺለር በጠፋበት ሌሊት ርችት የተተኮሰለት የዚያ የሩሲያው ጳውሎስ ልጅ ናት። ለአባቷ በተደረገው ግርግር ተከልሎ አመለጠ፣ ልጅቷን በድርሰት ተቀበለ።

ግንቦት 9 ቀን 1805 ሺለር በ45 ዓመቱ አረፈ። ሐኪሞች ሰውነቱን ሲመረምሩ፣ ሳንባው እንዲያ ተበልቶ ያን ያህል ጊዜ መቆየቱ ገረማቸው።

▪ ባዶው ሣጥን

የተቀበረው በሌሊት፣ ብዙ ሰው በሚቀበርበት የጋራ መቃብር ውስጥ ነው። በ1826 የከተማዋ ከንቲባ አጥንቱን ሊያወጣ ሲገባ 23 የራስ ቅል አገኘ። ትልቁን መረጠና የሺለር ነው አለ። ጎተም ለጊዜው ቤቱ አስቀመጠው። ከዚያ በመሳፍንቱ መቃብር ከብሮ ተቀመጠ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ሌላ የራስ ቅል ተገኘና ክርክር ተነሳ። በ2008 የዲኤንኤ ምርመራ ውጤት ወጣ፤ ሁለቱም የሺለር አይደሉም። ዛሬ ከጎተ ሣጥን አጠገብ ያለው የሺለር ሣጥን ባዶ ነው።

ዋይማር አሁንም ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ ነዋሪዋ ወደ 65 ሺህ ይጠጋል። ቴአትር ቤቱ ፊት ለፊት ከ1857 ጀምሮ የጎተና የሺለር ሐውልት ጎን ለጎን ቆሟል። የሺለር አጥንት የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሰው ግን ዛሬም ትኬት ቆርጦ ሊያየው ይገባል። አንዲት ትንሽ ከተማ ለአንድ ስደተኛ ደራሲ የሰጠችው መድረክ ከመቃብሩ በላይ ቆየለት።

እናንተ ከተማ ውስጥስ? ቴአትር ቤት ወይም የንባብ ምሽት አለ? ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት ቴአትር ምን ነበር? ኮመንት ላይ አጫውቱን። ለጓደኛም ሼር አድርጉለት፣ በተለይ ተደብቆ ለሚጽፈው።