ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፤ ነርስነትን የመረጡት ልዕልት

የማኅበራችን የበጎ አድራጎት ክፍል አባሎች በዕረፍት ቀናችን ወደ ሰበታ በምንሄድበት ጊዜ የምንይዘው የጅማን መንገድ ነው። ጦር ኃይሎች ስንደርስ ትልቁ ሆስፒታል ይታያል፤ ጥቂት አለፍ ስንል ደግሞ የታክሲው ረዳት «ዘነበ ወርቅ ወራጅ» እያለ ይጣራል። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ባለስሟን ግን የሚያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የቀድሞ ስምማ ጨርሶ የተረሳ ይመስላል። ሁለቱ ሆስፒታሎች በአንድ መንገድ ላይ የተሠሩ የሁለት እኅትማማቾች መታሰቢያዎች ነበሩ። ዛሬ ከሁለቱ የታናሺቱን፣ የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ለጓደኞቻችን ባጭሩ ለማቅረብ አስበናል።

ይህን ስናስብ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ መቃወማቸው አልቀረም። ተማሪ ስለ ቤተ መንግሥት ልጅ ምን ብሎ ይጽፋል? ለድኻ የደከሙ ስም የሌላቸው ስንት ሰዎች እያሉ ልዕልት ማወደስ ምን ይጠቅማል? የሚል ነው ነገራቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሚገባ ሊመለስም ይገባዋል። እኛ ስለ ልደታቸው አልጻፍንም። ማንም ሰው ከማን እንደሚወለድ መርጦ አይወለድምና፣ ልደት አያስመሰግንም፤ አያስነቅፍምም። የምንጽፈው መርጠው ስለሠሩት ሥራ ነው።

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት በ1912 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አባታቸው ገና ራስ ተፈሪ መኰንን ይባሉ ነበር፤ የኢትዮጵያ መንግሥት አልጋ ወራሽ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። አባታቸው በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ልጅቱ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ታላቅ እኅታቸው ልዕልት ዘነበ ወርቅ ወደ ትግራይ ተድረው ከሄዱ በኋላ መቀሌ ላይ በለጋ ዕድሜያቸው ዐረፉ። በአዲስ አበባ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው ሆስፒታል በእሳቸው ስም ተሰየመ። ታናሺቱ እኅት ሞትንና ሆስፒታልን በአንድነት ያዩት ያኔ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእሳቸውም ታሪክ በዚያው መንገድ እንደሚሄድ የገመተ አልነበረም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ለዘማቹ የቁስል መጠቅለያ ማዘጋጀት ያዘ። ልዕልት ፀሐይ ገና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ በዚህ ሥራ ግንባር ቀደም ሆኑ። ጠላት የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን በሠራዊቱና በባላገሩ ላይ በሚያዘንብበት ጊዜ፣ ከመርዙ የሚከላከል ጭንብል ለመሥራት ከተሰበሰቡት ሴቶች ጋራ አብረው ደከሙ። ጭንብሉ በቤት ያለ ዕቃ የተሠራ ነውና የሚያድነው ጥቂት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሌላው ዓለም ዝም ባለበት ሰዓት የተሠራ ሥራ ነበር። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ደግሞ ልጅቱ ለእንግሊዝ አገር ሴቶች ጥሪ ላኩ። ሕዝባቸው፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ በመርዝ እየተቃጠለ መሆኑን ገልጸው፣ ይህ ክፉ ሥራ በኢትዮጵያ ላይ ብቻ የሚቀር አለመሆኑን አስጠነቀቁ። ጥሪው በጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ጋዙን ያስቆመው ግን የለም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ። ጥቂት ቆይቶም በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለችው ከተማ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ተቀመጠ። ስደት ሁሉን አንድ ያደርጋል፤ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ገንዘብም አይበቃም ነበር። ልዕልት ፀሐይ እንግሊዝኛ ዐዋቂ ነበሩና አባታቸውን በማስተርጐም ይረዱ ነበር። በዚህ ኑሮ ላይ ሳሉ የሕይወታቸውን ትልቅ ምርጫ መረጡ፤ ነርስ ለመሆን ወሰኑ።

ይህ ምርጫ ለዚያን ዘመን ምን ያህል እንግዳ እንደ ነበረ ዛሬ ላለነው ሰዎች ለመገመት ያስቸግረናል። በእኛ አገር በሽተኛን ማጠብ፣ ቁስልን መጥረግ፣ የታመመ ሰው ያረከሰውን ጨርቅ ማንሣት የሎሌና የገረድ ሥራ ነው ይባል ነበር። የጨዋ ልጅ በዚህ ሥራ ትገኛለች ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ ግን ለንደን በሚገኘው በታላቁ የሕፃናት ሆስፒታል፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት፣ በተማሪ ነርስነት ገቡ። የተማሪ ነርስ ኑሮ አልጋ ማንጠፍ፣ ሕፃናትን ማጠብ፣ ሙቀት መለካት፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ማደር ነው። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ፤ በነሐሴ 1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስነት ማረጋገጫቸውን ተቀበሉ። በዚህም ዘመናዊ የነርስነት ትምህርት ከተማሩት ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሴቶች አንዷ ሆኑ። ወዲያው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ እሳቸውም አጠቃላይ የነርስነት ሥራ ለመማር ወደ ጋይስ ሆስፒታል ገቡ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው ከገቡ በኋላ ልዕልቲቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቤተ መንግሥት ውስጥ ከመቀመጥ ይልቅ በደሴ ሆስፒታል ሠሩ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ አምስት ዓመት በጦርነት ደቅቃ፣ የተማሩት ልጆችዋ በግራዚያኒ ዘመን ተፈጅተው፣ ሐኪም ቢባል ነርስ ቢባል በጣት የሚቆጠር ነበር። አንድ የሠለጠነ እጅ ትልቅ ሀብት ነበር ማለት ይቻላል።

ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ ከኮሎኔል ዐቢይ አበበ ጋራ ተጋቡ። ባላቸው በወለጋ ተሹመው ስለ ነበር ወደ ለቀምት ሄዱ። ከአዲስ አበባ ወደ ለቀምት የሚወስደው መንገድ እኛ ቡራዩ የምንሄድበት ነው፤ በገፈርሳ፣ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በአምቦና በባኮ አልፎ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርቀት ይጓዛል። ዛሬ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ በዚያን ጊዜ በክረምት ግን ጭቃው መኪና ያስቀር ነበር። ልዕልቲቱ ፀነሱ፤ ሕመም ጸናባቸው። ከጋብቻቸው አራት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ለቀምት ላይ ዐረፉ። ሥጋቸውም አዲስ አበባ መጥቶ በበዓታ ለማርያም፣ ዐፄ ምኒልክ በተቀበሩበት ሕንፃ ዐረፈ።

የታሪኩ ፍሬ ነገር ከዚህ ላይ ነው። ሌሎችን ለማስታመም የተማሩ ነርስ፣ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው ሳለ፣ በማሕፀን ምክንያት በሚመጣ ሕመም ሞቱ። ክብራቸው አላዳናቸውም። ልዕልቲቱን ያላዳነች ለቀምት፣ በዙሪያዋ ያለችውን የባላገር ሚስት ምን ታደርግ ነበር? ይህን ጥያቄ በጊዜው አጥብቀው የያዙት አንዲት እንግሊዛዊት ነበሩ።

እኚህም ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። ጠላት አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀምረው ሃያ ዓመት ያህል አሳተሙት። የልዕልቲቱን መሞት ሲሰሙ በእንግሊዝ አገር የመታሰቢያ ሆስፒታል ማሠሪያ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመሩ። ያ አገር ራሱ በጦርነት ላይ ነበር፤ ምግቡም በራሽን ነበር። ቢሆንም በስብሰባ፣ በገበያና በደብዳቤ ብዙ ዓመት ለምነው፣ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ሥራ ለመጀመር በቃ። በውስጡም የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልዕልቲቱ ባሕር ተሻግረው የተማሩትን የድኻ ልጅ በአገሯ ትማረው ጀመር። ሲልቪያ ፓንክረስት በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ተቀመጡ፤ በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ሞተው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። የባዙ ፌርፊልድ ቤትም በአውሮፓ 1958 ለከተማው ሽማግሌዎች መጦሪያ ተሰጠ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። የልዕልቲቱ ባል የነበሩት ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። ሆስፒታሉም ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ተባለ። የተማሪ ማኅበር የዚያን ዘመን ቁጣ ምክንያት አያጣውም፤ በባላገሩ ላይ የነበረው በደል እውነተኛ ነበርና። እኛ ዛሬ ስሙ ይመለስ ብለን ክርክር አናነሣም። የምንለው፣ ስም ቢፋቅ ሥራው አይፋቅም ነው። በዚያ ግቢ የዳነ በሽተኛና የሠለጠነች ነርስ የማንም ወገን ሳይሆኑ የአገር ናቸው።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከመቶ ሺሕ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሠሩትም በየቀበሌው በእግራቸው የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አዋላጆችና አምቡላንስ ነጂዎች ናቸው። ነገር ግን 412 እናት ማለት አሁንም 412 የሐዘን ድንኳን ነው።

በልዕልቲቱ ላይ የደረሰው በብዙ እናት ላይ ዛሬም የሚደርሰው በሦስት መዘግየት ነው፤ ወደ ሐኪም ለመሄድ መዘግየት፣ በመንገድ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ርዳታ ለማግኘት መዘግየት። ስለዚህ በየጤና ጣቢያው አጠገብ የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠርቷል፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጣች ነፍሰ ጡር ቀኗ እስኪደርስ ተቀምጣ ትጠብቅበታለች። እንዲህ ያለው ቤት የሚቆመው በአካባቢው ሕዝብ መዋጮ ነው፤ ጤፉን፣ በርበሬውን፣ ቡናውን፣ ማገዶውን የሚያመጣው ጎረቤት ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ሆነው ፋብሪካና ፎቅ ቢበዛባቸውም፣ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ሲሉ ባላገር ነው። ለገንፎ የሚሆን እህል፣ ሳሙናና የሕፃን መጠቅለያ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኪስ የማይወጣ ነገር አይደለም። ከሁሉም በላይ ደም አለን። ወላድን የሚገድለው በብዛት የደም መፍሰስ ነው፤ የደም ባንክ ደግሞ ባዶ እጁን የሚያድን ተአምር የለውም።

ምጽዋት ፍትሕን አይተካም፤ ይህን የሚነግሩን ጓደኞቻችን እውነታቸውን ነው። መንገዱንና ሆስፒታሉን መሥራት የመንግሥት ዕዳ ነው። ይሁን እንጂ መንገዱ እስኪሠራ ድረስ ምጥ አይጠብቅም። ልዕልት ፀሐይ የአገሪቱን ሥርዐት አልለወጡም፤ በተሰጣቸው አጭር ዕድሜ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከሕሙማን አልጋ አጠገብ ቆሙ። እኛም ቅዳሜ ጠዋት በጅማ መንገድ ስንሄድ፣ በሁለቱ እኅትማማቾች ስም መካከል ማለፋችንን አንርሳ። መዝገቡ በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ተከፍቷል፤ ደም የሚሰጥ፣ እህል የሚያዋጣ፣ ወይም በሰበታ መርሐ ዕውራን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጽሐፍ የሚያነብ ሁሉ ስሙን ያስመዝግብ።