የሰር ሪቻርድ ሆልምስና የኵርዓተ ርእሱ ታሪክ
እኛ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ያደግን ተማሪዎች ወደ ምዕራብ ስንመለከት፥ ከተራሮቹ ባሻገር መቅደላ እንዳለች እናውቃለን። የዐፄ ቴዎድሮስን ጀግንነት ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ከዚያ አምባ ቅርስ ይዞ የሄደውን ሰው ሕይወት ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸውና፥ በዚህ መጽሔት ልናወሳው ወደድን። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሪቻርድ ሆልምስ በ1835 ተወለደ። አባቱ በብሪቲሽ ሙዚየም የብራና መጻሕፍት ክፍል ያገለግል ነበርና፥ እሱም በ1854 በዚያው ሥራ ገባ። ጄኔራል ናፒየር ወደ አገራችን ሲዘምት፥ ሙዚየሙ ቅርስና መጻሕፍት እንዲሰበስብ ሆልምስን ከጦሩ ጋር ላከው።

በ1868፥ በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ወታደሩ ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ዘረፈ። ምርኮው በደላንታ ሜዳ በጨረታ ሲሸጥ፥ ሆልምስ በሙዚየሙ ገንዘብ ብዙ ዕቃ ገዛ።

ኵርዓተ ርእሱን ግን ለሙዚየሙ አላስረከበም። ይህ ሥዕል ጌታችንን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚያሳይ፥ ነገሥታቱ ሲዘምቱ አስይዘውት የሚወጡት ታላቅ ቅርስ ነበረ። ሆልምስ ለራሱ አስቀረው።

በ1870 በዊንድሶር የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ እንዲመለሱላቸው ለንግሥቲቱ ጻፉ። አንድ ክብረ ነገሥት ተመለሰ፤ ስለ ሥዕሉ ግን አልተገኘም የሚል መልስ መጣ። ሥዕሉ የነበረው በራሳቸው በንግሥቲቱ ሹም እጅ ነው።

ከዚያ 33 ዓመት አለፈ። ዐፄ ዮሐንስ በ1889 በመተማ ወደቁ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በ1901 ዐረፉ። ጠያቂውም ተጠያቂዋም ካለፉ በኋላ፥ በ1905 በርሊንግተን በተባለ የሥነ ጥበብ መጽሔት የሥዕሉ ፎቶግራፍ ወጣ፤ ከሥሩም ቀድሞ የንጉሥ ቴዎድሮስ እንደ ነበረና ዛሬ ሰር ሪቻርድ ሆልምስ እንደ ያዘው ተገለጸ። ኑዛዜው ይህ ነበረ፤ ጸጸት ግን አልነበረበትም።

ሆልምስ በ1911 ሞተ። ሥዕሉም በለንደን በጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 ዳግመኛ ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ተወሰደ እንጂ ወደ አገሩ አልተመለሰም።

ይህ ሰው የተማረ ነበር። የቅርሱን ክብር ከተራው ወታደር አብልጦ ያውቅ ነበር፤ ጥፋቱንም የሚያከብደው ይኸው ነው። እኛም የሐይቅ እስጢፋኖስ ብራናዎች ጎረቤቶች ነንና፥ ትምህርታችን የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱንም መብት የሚያሳውቀን ይሁን።