አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ፤ በነገሥታት ፊት እውነትን ያልሸሸገ መምህር

ሃይማኖት በልብ ብቻ ተሰውሮ የሚኖር ሀብት አይደለም። እውነትን የሚያውቅ ሰው ሹመት እንዳይቀርበት፥ ወይም እስራት እንዳያገኘው ሰግቶ ዝም ቢል፥ እውነቱን አልካደም ቢባልም ለሐሰት መንገድ ጠርጎላታል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ጾመው ጸልየው ያለፉትን አባቶች ስታከብር፥ በጸሎታቸው ላይ የቃላቸውን ድፍረት ጨምራ ታስባለች። ከእነዚህም አንዱ የቦረና ምድር ለኢትዮጵያ ሁሉ ያበረከተችው ታላቁ ሊቅ አባ ጊዮርጊስ ነው።

ከመካነ ሰላም አካባቢ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚመለከት ሰው ሜዳው በድንገት አልቆ ገደል ሲሆን ያያል። የጋሥጫ ገዳም ያለው በዚሁ በቦረና አገር ነው። ገዳሙን የመሠረተው አባ በጸሎተ ሚካኤል ይባላል፤ የነበረውም በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን፥ ማለት ከ1306 እስከ 1336 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ይህ መነኵሴ ጳጳሱ አባ ዮሐንስ ክህነትን በዋጋ ይሰጣሉ ብሎ በአደባባይ ተቃወመ፤ ንጉሡንም ከሕገ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ስላደረጉት ጋብቻ ገሠጸ። ነቢዩ ናታን በዳዊት ፊት፥ መጥምቁ ዮሐንስም በሄሮድስ ፊት እንደ ቆሙ እርሱም ቆመ። ስለዚህም ወደ ትግሬ አገር ተሰደደ። እንግዲህ አባ ጊዮርጊስ የጋሥጫን ቆብ ሲደፋ፥ የወረሰው በዓትንና መጽሐፍን ብቻ ሳይሆን ይህንንም የተግሣጽ ልማድ ነው።

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ በዚያው በአማራ ምድር ሰግላ በተባለው አገር ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን መጻሕፍትን የተማረ፥ በንጉሡ ድንኳን ባለችው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ካህን ነበረ። ልጁ ለትምህርት በደረሰ ጊዜ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሰደደው። ሐይቅ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ካቀናው ጀምሮ የብዙ ሊቃውንት መፍለቂያ የነበረ ደብር ነው።

ነገር ግን ብላቴናው እንደ ጓደኞቹ ቶሎ አልገባውም። ገድሉ እንደሚናገረው ብዙ ዓመት ተቀምጦ ትምህርቱ አልያዝልህ አለው፤ ለገዳሙም እህል እየፈጨ ያገለግል ነበር። ወፍጮው አጠገብ ሆኖ ወደ እመቤታችን እያለቀሰ ይለምን ነበርና፥ እመቤታችን ተገልጣ ልቡናውን እንዳበራችለት በገድሉ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ የቀሰመው ጥበብ እንደ ጎርፍ ሞላ። የወፍጮ ድንጋይ ሲገፋ የኖረው ልጅ ለአገሩ ሁሉ የቃል ማዕድ አዘጋጅ ሆነ። ይህን ያየ ሰው የዘገየውን ተማሪ ከመናቅ ይጠንቀቅ።

ዝናው በተሰማ ጊዜ ወደ ዐፄ ዳዊት ከተማ ተጠራ። ዐፄ ዳዊት ከ1374 እስከ 1406 ዓ.ም. ገደማ የነገሡ፥ ሊቃውንትንም የሚወዱ ንጉሥ ናቸው። ገድሉም የንጉሡን ልጆች እንዳስተማረ ይናገራል። በከተማው የሚገኝ መምህር ክብርና ማዕርግ አያጣም፤ ምላሱን ከጠበቀም ኑሮው የተደላደለ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ከተማ ቢቱ የተባለ፥ በንጉሡ ዘንድ መወደድን ያገኘ ሰው ስለ ሥላሴ ነገር ከአባቶች ትምህርት የራቀ አሳብ ያስተምር ጀመረ። ብዙዎች ባለሟልነቱን አይተው ዝም አሉ። አባ ጊዮርጊስ ግን ባለሟልነትን ከእውነት አላስበለጠምና ተነሥቶ ተከራከረው።

የክርክሩ ፍጻሜ የእውነት ሳይሆን የወሬ ሆነ። ቢቱ ነገር ሠርቶ ከንጉሡ ጋር አጣላው፤ ንጉሡም አሠሩት። የንጉሡን ልጆች ያስተማረው መምህር በንጉሡ ትእዛዝ እግረ ሙቅ ገባ። በዚህ ጊዜ አሳቡን ለውጦ ምሕረት ቢለምን ወደ ቀደመ ክብሩ በተመለሰ ነበር፤ አላደረገውም። የዚህም ምስክሩ ኋላ የጻፈው መጽሐፍ ነው፤ ከጥንቶቹ መናፍቃን ጋር የቢቱን ትምህርት በስሙ ጠርቶ ነቅፎበታልና። እስራት ያስተዋቸው ብዙዎች ናቸው፤ ከእስር በኋላ ያንኑ ቃል በብራና ላይ የሚደግም ግን ጥቂት ነው።

ዐፄ ዳዊት ካረፉ በኋላ ልጃቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ነገሡና አባ ጊዮርጊስን ከእስር ፈቱት። ነገር ግን የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ዓመት ሳይሞላው በሞት ተቈረጠ። ከዚያም በዐፄ ይስሐቅ ዘመን መምህሩ ወደ ጋሥጫ ገብቶ በጾም፥ በጸሎትና በጽሕፈት ተወሰነ። በ1416 ዓ.ም. መጽሐፈ ምሥጢር የተባለውን ታላቅ ድርሰቱን ፈጸመ። ይህ መጽሐፍ በሠላሳ ክፍል ተከፍሎ የአርዮስን፥ የሰባልዮስን፥ የንስጥሮስንና የሌሎቹን ስሕተት በየተራ የሚመልስ ነው። በግዕዝ ቋንቋ ከተጻፉት የሃይማኖት መጻሕፍት መካከል ጥልቀቱና የቃሉ ውበት ከፊተኞቹ ያስቈጥረዋል።

ሁለተኛውም ክርክሩ ስለ ሰንበት ነበረ። በዚያ ዘመን የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜንም እሑድንም እናከብራለን በማለታቸው ይሰደዱ ነበር። ጳጳሱ አባ በርተሎሜዎስም ተቃዋሚያቸው ነበሩ። መሪያቸው አባ ፊልጶስ በሐይቅ ታሥሮ ተቀመጠ፤ ዐፄ ዳዊት በ1396 ዓ.ም. እስኪያስፈቱት ድረስ አልወጣም። አባ ጊዮርጊስ የሐይቅ ልጅ ሆኖ ሳለ፥ የማኅበሩን ወገን ከመያዝ ይልቅ መጻሕፍት ያሳዩትን መርጦ ሁለቱንም ሰንበታት ማክበር እንዲገባ አስተማረ። በባዕድ ፊት እውነትን መናገር ከባድ ነው፤ ባሳደገ ቤት ፊት መናገር ግን ከዚያ ይከብዳል።

የድካሙን ፍሬ በሥጋ ሳያይ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፈ። ከ25 ዓመት በኋላ፥ በ1442 ዓ.ም.፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ባደረጉት ጉባኤ የሁለቱ ሰንበታት ክብር ጸና። እንዲህም ሆኖ በአንድ ዘመን የሚያሳስር ቃል በሌላው ዘመን ሥርዐት ሆነ።

አባ ጊዮርጊስን ግን ክርክር ብቻ አያስታውሰውም። መጽሐፈ ሰዓታት የእርሱ ድርሰት ነው፤ በፍልሰታ ጾም ሌሊት ካህናት ሲያዜሙት ምእመናን በጨለማ ከየቤታቸው ተነሥተው ወደ ደጀ ሰላም የሚገሠግሡት ይህንኑ ሊሰሙ ነው። አርጋኖነ ማርያም፥ ኆኅተ ብርሃንና ውዳሴ መስቀልም ከስሙ ጋር የሚነገሩ ናቸው። ባለሥልጣንን ያልፈራው አንደበት በእመቤታችን ፊት እንደ ሕፃን የሚለማመጥ ነበረ። ድፍረቱ ከትዕቢት አለመወለዱ በዚህ ይታወቃል፤ ትዕቢተኛ ሰው ስለ ራሱ ክብር ይጮኻል፥ ትሑት ግን ስለ እውነት ይናገራል።

እንግዲህ የዚህን ቅዱስ አባት ዜና የሚያነብ ክርስቲያን ሁለት ነገር ይማራል። የመጀመሪያው፥ ከመናገር አስቀድሞ መማር እንዲገባ ነው፤ አባ ጊዮርጊስ በወፍጮ ቤት ታግሦ ሳይማር በአደባባይ አልቆመምና። ሁለተኛውም፥ ከተማሩ በኋላ ዝም ማለት እንዳይገባ ነው። ድኻ በፍርድ ሲጐዳ፥ ሹመት በዋጋ ሲሸጥ፥ ሐሰትም በባለሟልነት ጥላ ሥር ስትቀመጥ የሚያይ ካህን ወይም ምእመን ከጋሥጫ አባቶች ወገን ለመቈጠር ቢወድ፥ በፍቅርና በትሕትና ይናገር። ዋጋው እስራት ቢሆን እንኳ እስራት ያልፋል፤ የጋሥጫው እስረኛ ቃል ግን ከ600 ዓመት በኋላም በየአጥቢያው ሌሊት ሲዜም ይሰማል።

የአባ ጊዮርጊስ በረከት በዚህች አጥቢያ ልጆች ሁሉ ላይ ይደር፤ አሜን።