አበበ ቢቂላ እንዴት ተመረጠ?

ስለ አበበ ቢቂላ ሲነሳ ሁላችንም የምናውቀው ሮምን ነው። ባዶ እግሩን፣ የሌሊቱን ችቦ፣ የወርቅ ሜዳሊያውን። ለእኛ ለስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች ግን ዋናው ጥያቄ ያለው ከሮም በፊት ነው። በዓለም መድረክ ስም ያልነበረውን ወታደር ማን አየው? ምኑንስ አይቶ መረጠው? ይህ አጭር ጽሑፍ የአበበን ሕይወት ከዚህ አንጻር ይቃኛል።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ካደገ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ከስዊድናዊው አሰልጣኝ ከኦኒ ኒስካነን ጋር የተገናኘውም በወታደርነቱ ነው። ሀገራችን በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ስለነበር፣ ኒስካነን የሚመራበት ብዙ የውጤት መዝገብ አልነበረውም። የነበረው ሰዓት መያዣና የራሱ ዓይን ነው ማለት ይቻላል።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት አበበ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ማራቶን ሮጠ። ሁለቱንም አሸነፈ። በሁለተኛው የገባበት ሰዓት 2:21:23 ነው። የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 2:23:03 ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ዛቶፔክ የሮጠው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ ነው፤ አበበ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ አየሩ በሚሳሳበት ሀገር። ቁጥሩ ብቻውን ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ የተገኘበት ሁኔታ ሲታይ ግን በጣም ያስገርማል።

በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። ፕሮፌሽናል ክለቦች አንድን የኮሌጅ ኳስ ወርዋሪ ከመውሰዳቸው በፊት መልማይ ይልካሉ። መልማዩ የኳሱን ፍጥነት በራዳር ይለካል፤ ግን በዚያ አያበቃም። ልጁ እነማንን ገጥሞ ነው ያሸነፈው? ክንዱ ጤነኛ ነው ወይ? ሲጨንቀውስ ምን ያደርጋል? እነዚህን ሁሉ ይመዝናል። እዚህ አቃቂ ሜዳ ላይ ጠዋት ሰዓት ይዞ የሚቆም አሰልጣኝም ሥራው ይኸው ነው። አቃቂ ከእንጦጦ በጣም ዝቅ ስለሚል፣ የሁለቱን ቦታ ሰዓት እንዳለ ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ ሰው ያስጥላል።

በዚያ ዘመን በረጅም ርቀት ስሙ የገነነው ዋሚ ቢራቱ ነበር። ዋሚ ወደ ሮም ሳይሄድ በመቅረቱ አበበ የገባው በዕድል ነው የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ታዲያ የክረምቱን ሰዓት ያየ ሰው እንዴት ዕድል ነው ይላል? ኒስካነን ይዟቸው የሄደው ሁለት የማራቶን ሯጮች፣ አበበ ቢቂላና አበበ ዋቅጅራ ናቸው። ዋቅጅራም 7ኛ ወጣ። ሁለት ሰው መርጦ ሁለቱንም ከዓለም ምርጦች ተርታ ማሰለፍ የአጋጣሚ ሥራ አይመስለኝም።

ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ሮጠ። የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዲጠነቀቅ፣ ቁጥሩም 26 እንደሆነ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን 185 ቁጥር ለጥፎ ወጣ። አበበ 26 ቁጥርን በዓይኑ እየፈለገ ከራሱ ከራዲ ጋር ጎን ለጎን ሮጠ። አልተደናገጠም፣ ቀድሞም አልፈነጠረም። ወደ መጨረሻው ላይ፣ ጣልያኖች ዘርፈው ከወሰዱትና በ1997 ዓ.ም. ከተመለሰልን የአክሱም ሐውልት አካባቢ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። 2:15:16 ገባ፤ የዓለም ምርጥ ሰዓት ሆነ። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም እሱ ነው። ይህን እርጋታ የትኛውም ሰዓት መያዣ አይለካውም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ 5ኛ ወጣ። በዚያ ውጤት ብቻ ቢፈረድበት ኖሮ አለቀለት ይባል ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ2:12:11 አሸነፈ። ሁለተኛው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው አበበ ነው። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩን ታሞ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እሱ ግን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በእንግሊዝ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በኖርዌይም በበረዶ ላይ በሚነዳ መንሸራተቻ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ከከተማ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አበበ እነዚያን ሁለት ማራቶኖች ሲሮጥ ዕድሜው 28 ዓመት ገደማ ነበር። የዕድሜ ጣሪያ አስቀምጠን ቢሆን ኖሮ ገና በር ላይ እንመልሰው ነበር። ነገ አሰልጣኝ ሆነን ሜዳ ስንወጣ፣ ሰዓቱን ስንጽፍ ከጎኑ ቦታውንና ከፍታውን፣ ልጁ ልምምድ የጀመረበትን ጊዜና ሲቀደም ያደረገውን እንጻፍ። መዝገባችን ይህን ካልያዘ፣ ሁለተኛው አበበ በፊታችን ሮጦ ሊያልፈን ይችላል።