ሙሴ ጸሊም፦ ከሽፍትነት እስከ ምንኩስና



በእኛ በሸዋ ሮቢት ቆላ ፍየል የጠፋችበት ሰው እንዴት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። የቀሩትን ለልጅ ትቶ በየጥሻው ሲዞር ይመሽበታል። ያገኛትም ሰው ቢሆን የጆሮዋን ምልክት አይቶ የእገሌ ናት ይላል። ጠፋች ይባላል እንጂ ባለቤት የላትም አይባልም። ለዘንድሮው መጽሔት አንድ ጽሑፍ አምጡ በተባልን ጊዜ ሙሴ ጸሊም ትዝ ያለን በዚሁ ምክንያት ነው።

ሙሴ ጸሊም በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረ ሰው ነው። የግሪክ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ ይሉታል። በዚያ ዘመን ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ስለ ነበር የይፋት ልጅ ነው ብለን አንመካም። ጸሊም ማለት ጥቁር ማለት ነውና መልኩ ግን የእኛው ነው።

የአንድ ሹም አገልጋይ ነበረ። በስርቆቱና በክፉ ጠባዩ ጌታው አባረረው። ከዚያ ሸፈተ፤ የሽፍቶችም አለቃ ሆነ። ሰውም ገድሏል ይባላል። አንድ ጊዜ ከነውሻው እንቅፋት የሆነበትን እረኛ ሊገድል ቆርጦ ተነሣ። እረኛው ከዓባይ ማዶ ነበረ፤ ወንዙም ሞልቷል። ያ ሙላት መቼም የእኛው አገር ክረምት የላከው ነው። ሙሴ ልብሱን ራሱ ላይ ጠቅልሎ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው አሸዋ ውስጥ ተደብቆ አመለጠ። ሙሴም አራት አውራ በግ መርጦ አረደና በገመድ አስሮ እየጎተተ ተመለሰ። ሥጋውን በላ፣ ቆዳውን ሸጦ ወይን ጠጅ ጠጣበት። እንግዲህ ሰው ከዚህ ወዲያ ወዴት ይርቃል?

ስንክሳር እንደሚለው ሙሴ ፀሐይን ያመልክ ነበር። ኋላ ልቡ ተነካና እውነተኛውን አምላክ ፍለጋ ወደ አስቄጥስ ገዳም ሄደ። እሱ እየፈለገ መሰለው እንጂ ተፈላጊውስ ራሱ ነበረ። አባ ኤስድሮስም ተቀበሉት፤ ተምሮ ተጠመቀ፣ መነኮሰም። እስከዚህ እሱ ስንል መጣን፤ ከዚህ ወዲህ ግን እሳቸው እንበል።

ምንኩስናው ቀላል አልሆነላቸውም። የድሮው አመል እየመጣ ያስጨንቃቸው ነበር። በዓታቸውን ሊተዉ ሲሉ አባ ኤስድሮስ ሰገነት ላይ አወጧቸው፤ በምዕራብ ለጦርነት የተሰለፉ አጋንንትን፣ በምሥራቅ ደግሞ ከእነዚያ የሚበዙ መላእክትን አሳይተው መለሷቸው። አባ ሙሴም ሌሊት ሌሊት እየተነሡ የሽማግሌ መነኮሳትን እንስራ ማንም ሳያይ ይሞሉ ጀመር። ውሃው ሩቅ ነበር፤ በቆላ ውሃ የቀዳ ይፍረድ።

አንድ ጊዜ አራት ወንበዴዎች ማንነታቸውን ሳያውቁ በዓታቸው ገቡ። ጉልበታቸው እንዳለ ነበርና አራቱንም አስረው እንደ ገለባ ጆንያ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን ወሰዷቸው፤ ምን እንደሚደረጉም አባቶችን ጠየቁ። ወንበዴዎቹ የያዛቸው ያ ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ እነሱም መነኮሱ።

ለእኛ ለእድርተኞች ግን የሚከተለው ይበልጥብናል። በገዳሙ አንድ ወንድም አጥፍቶ ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። አባ ሙሴ ተጠርተው አልሄድም አሉ። ዳግመኛ ሲላክባቸው ቀዳዳ ዕቃ ተሸክመው መጡ፤ አንዱ መጽሐፍ ውሃ ነበረበት፣ ሌላው አሸዋ ነበረበት ይላል። የራሳቸው ኃጢአት ከኋላቸው እየፈሰሰ ሳያዩት በሌላው ሊፈርዱ መምጣታቸውን ነገሯቸው። ጉባኤውም ምንም ሳይናገር ወንድሙን ይቅር አለ።

እኛም በጸሐፊነት ዘመናችን መዋጮ ያቋረጠ አንድ አባል ከመዝገብ ሰርዘናል። ደንቡ ያዛልና ቀይ ቀለም አነሣን። ቤቱ ሄዶ ምን እንዳገኘው የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም። ለካ ታሞ ተኝቶ ኖሯል። ሲሞት ድንኳኑ አልወጣለትም፤ ጎረቤት ነው የቀበረው። መዝገቡ ዛሬም አለ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ በማስመሪያ ነበር ያሰመርነው።

አባ ሙሴ ቅስና ተሹመው እስከ 75 ዓመታቸው ኖሩ። በ400 ዓ.ም. ገደማ በርበሮች ገዳሙን ሊዘርፉ ሲመጡ ሌሎቹን ሽሹ ብለው እሳቸው ቀሩ፤ በወጣትነታቸው ሰይፍ ያነሡ ስለ ነበሩ ያን ቀን ሲጠብቁት ኖረዋል። ጥቂት ወንድሞችም ጥለዋቸው አልሄዱም። ከነሱ አንዱ ከገመድ ክምር ኋላ ተሸሽጎ ሰባት አክሊል ከሰማይ ሲወርድ አየ።

አጽማቸው በናትሩን ሸለቆ በባራሞስ ገዳም፣ ከአባ ኤስድሮስ አጽም ጋር ይገኛል። መታሰቢያቸው ሰኔ 24 ቀን ነው።